የሻንቆ አንጁሎ ጠያቂዎች

ሻንቆ አንጁሎ ሰው ይንቅ ነበር። ሲቀበር ግን «ትሑት፣ ሰው ወዳድ፣ ከሁሉ ጋር ተግባቢ» ተብሎ የሕይወት ታሪኩ ተነበበለት። የጻፍኩትም ያነበብኩትም እኔ ነኝ። ከስሙና ከተወለደበት ዓመት በቀር እውነት የለበትም፤ ዓመቱንም ቢሆን በግምት ነው ያስቀመጥኩት። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሚያዝዘኝ ኮሚቴ የለም። ስለዚህ እንደገና ልጻፈው።

ሻንቆ ቆርቆሮ መቺ ነበር። ቦዲቲ ውስጥ በዚያን ጊዜ እሱ ያላለበሰው ጣራ ጥቂት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያየን ኖረ፤ ያየውንም አልወደደውም። ማገር ያጣመመውን አናጺ «ቤት ነው ወይስ ቅርጫት የሠራኸው?» ብሎ በሰው ፊት ያዋርደዋል። ባለቤቱ የማይረባ ሚስማር ገዝቶ ከመጣ ሚስማሩን በጣቱ አጉብጦ ያሳየውና መሰላሉን ተሸክሞ ይሄዳል። እኔን ጎረቤቱን፣ የአማርኛ መምህሩን፣ «ጠመኔ በላተኛ» ነበር የሚለኝ። እኔም ከኋላው «ጣራ ላይ ያለ ዝንጀሮ» እለው ነበር፤ ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ አልነበረኝም።

የወደቀው በ1999 ዓ.ም. መስከረም፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ጥቂት ቀን ሲቀር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አዲስ አዳራሽ እያሠራች ነበር። ለበዓሉ ጉባኤ ተጠርቷል፣ ሰባኪ ከሩቅ ይመጣል፣ ጣራው ግን ገና ግማሹ ክፍት ነው። ያን ዕለት ከማለዳ ጀምሮ ያካፋል። ሻንቆ «እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አልወጣም፤ ነገ እመጣለሁ» አለ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ አቶ ሚልክያስ ከጃንጥላው ሥር ሆኖ «ወንድም ሻንቆ፣ የጌታ ሥራ ዝናብ አይፈራም» አለው።

ሚልክያስን የማያውቅ አንባቢ ካለ ዕድለኛ ነው። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሠራ ነበር፤ ምን እንደሚሠራ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከቢሮው ግን አንድ ነገር ተምሮ ወጥቷል፤ ማንኛውም ችግር ሰው ተደራጅቶ፣ ስም ተጽፎ፣ ሪፖርት ከቀረበበት ተፈትቷል ብሎ ያምናል። ከአፉ «አቅጣጫ» የሚል ቃል ሳይወጣ ግማሽ ሰዓት አያልፍም። እሁድ ሲጸልይ እንኳ ለእግዚአብሔር ሪፖርት የሚያቀርብ ነበር የሚመስለው። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሰባት ዓመት የተናገረውን ሁሉ ጽፌያለሁ።

ሻንቆ «እንግዲያው ጌታ ራሱ ይውጣበት!» ብሎ ተሳደበ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ ስላየው እልህ ይዞት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተንሸራቶ ከጣራው በድንጋይ ክምር ላይ በጀርባው ወደቀ። ጉባኤው ግን በቀኑ ተካሄደ፤ ግማሽ ጣራ ያለው አዳራሽ ውስጥ ጃንጥላ ይዘን ዘመርን።

ሶዶ፣ ኦቶና ያለው ሆስፒታል አራት ወር ተኛ። ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስም መሰማትም ቀረ። በዕድሜው ያልናቃት አንዲት ሰው እዚያ አገኘ፤ ሲስተር ሳህሊቱ ትባላለች። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሰው የማታባብል ነርስ ናት። የነገረችውን ሁሉ እሱ ለእኔ ስንት ጊዜ እንደ ደገመልኝ አልቆጥረውም፤ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

«ሻንቆ፣ አንተን ጀርባህ አይገድልህም» አለችው። «የሚገድልህ ሽንትህ ነው። ፊኛህ ሲሞላ ከእንግዲህ አይነግርህም፤ አንተ ነህ ሰዓት አይተህ የምታወጣው። በየአራት ሰዓቱ ይህችን ቀጭን ቱቦ ታስገባለህ፣ ትጨርሳለህ፣ ታወጣለህ። ከዚያ በፊት እጅህን በሳሙና። ከዚያ በኋላ ቱቦዋን ታጥባለህ፣ ትቀቅላለህ፣ በንጹሕ ጨርቅ ታደርቃለህ። ውሃ ብዙ ጠጣ። ውስጥ የቆየ ሽንት ይበላሻል፤ ከተበላሸ ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ ከኩላሊት ወደ ደም ይገባል።»

«ስሜት የለኝ፤ መታመሜን በምን አውቃለሁ?»

«ሽንትህ ሲደፈርስና ሲሸት፣ ብርድ ብርድ ሲልህ፣ ሲያተኩስህ። ደግሞ እግርህን እይ። ከወትሮው በላይ በራሱ ከዘለለ የሆነ ቦታ በሽታ አለ ማለት ነው። ያኔ አትቀመጥ፤ ወደ እኔ ና።»

«ጸሎትስ?»

«ጸልይ። እጅህን ከታጠብክ በኋላ።»

ሻንቆ ይህችን መልስ በሕይወቱ ከሰማው ስብከት ሁሉ አስበልጦ ይወዳት ነበር።

ቤቱ ተመለሰ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዱካና የፎቶ ፍሬም መሥራት ጀመረ። ሚስቱ አስናቀች ቅቤ ከቦዲቲ ሶዶ እያመላለሰች ትነግዳለች፤ ማለዳ ወጥታ ምሽት ትገባለች። ግድግዳው ላይ ካለችው ሰዓት ፊት ላይ፣ በአስናቀች የጥፍር ቀለም፣ ሦስት ቀይ ነጥብ አደረገ፤ አሥራ ሁለት ላይ፣ አራት ላይ፣ ስምንት ላይ። ማለዳ አሥራ ሁለት፣ ረፋድ አራት፣ ቀን ስምንት፣ ምሽት አሥራ ሁለት፣ ሊተኛ ሲል አራት። በአንድ ሊትር ጆግ ሲጠጣ ውሎ ሲመሽ ሁለት ጆግ ተኩል ይጨርሳል። አራት ሰዓት ሲሆን ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ዋጋ ቢከራከርም «ውጣ፤ በሩን ዝጋ» ይላል። «ምነው?» ለሚል «ልጸልይ ነው» ይለዋል። ቱቦዋን የሚቀቅልባትን ትንሽ ድስት ማንም እንዳይነካ ክዳኗ ላይ በሚስማር መስቀለኛ ጭሮባታል።

ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ እንዲህ ኖረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የታመመው አንድ ጊዜ ነው፤ ሽንቱ ደፈረሰ፣ በማግሥቱ ኦቶና ሄደ፣ መድኃኒት ወሰደ፣ ተመለሰ። ሁለት እግር ያለን ሰዎች ለጥርሳችን እንኳ እንደዚያ አንጠነቀቅም። እኔ ግን አላደነቅኩትም፤ «በሽንት የሚመካ ሰው አየሁ» ብዬ ሳቅሁበት።

ከዚያ በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት አንድ እንግዳ ሰባኪ መጣ። ሻንቆን ሊጠይቅ ሲገባ ብቻውን ተቀምጦ ፍሬም ሲልግ አገኘው። እሁድ መድረክ ላይ ወጥቶ «ከጣራችሁ የወደቀ ወንድም ብቻውን ይውላል! እናንተ ግን ትዘምራላችሁ!» ብሎ ጮኸብን። አንገታችንን ደፋን። እኛ አገር የታመመ ሰው ብቻውን ከዋለ ነውሩ የጎረቤት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያልታሰበን ነገር በዚያች እሁድ ሁላችንንም አቃጠለን።

ሰኞ ማታ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ያ ዘመን አገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበር፤ ሚልክያስ ከጽሕፈት ቤቱ የተረፈውን አደረጃጀት ይዞልን መጣ። ጠያቂ በተራ ይመደባል። ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሁለት ሰው፣ በየሁለት ሰዓቱ። ተረካቢው ሳይመጣ አስረካቢው አይነሣም፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። የተራውን ወረቀት እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። በማስመሪያ አስምሬ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድም ባዶ ቦታ ሳይቀር ሞላሁት። ሐሙስን ለሻንቆ አማት፣ ለአስናቀች እናት፣ ሰጠኋት፤ ከሴቶቹ ኅብረት ጋር ስትሆን ወረቀቱ ላይ ያምር ነበር። ሚልክያስ ማህተም አደረገበትና የሻንቆ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቷ ሥር፣ ለጠፍነው።

ጠያቂዎቹ መጡ። ጎደሬ በዳጣ ይዘው፣ ለስላሳ ይዘው፣ መዝሙር ይዘው መጡ። ደህና አድርገው ከተቀመጡ በኋላ ከዛፍ ወድቆ የሞተውን አጎታቸውን፣ ከበቅሎ ወድቆ የሞተውን ዘመዳቸውን ያወሩለታል። «ጦሲ ማሮ፣ እግዜር ይማርህ» ይሉታል፤ ይጸልያሉ፤ ያዛጋሉ። «ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ንገረን እንጂ» እያሉ ዓይን ዓይኑን ያዩታል። አራት ሰዓት ሲሆን ተቀምጠዋል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሌሎች ተቀምጠዋል።

ደንበኛን ማስወጣት ይቻላል፤ ጠያቂን ግን ማን ያስወጣል? ያም ሆኖ ሻንቆ ሞከረ። «ትንሽ ልተኛ» አለ፤ «ተኛ፣ እኛ ድምፅ አናሰማም» ብለው ተቀምጠው ሲተኛ ያዩት ጀመር። አንድ ቀን ሁለት ሽማግሌዎችን «ለአፍታ ውጡልኝ» አላቸው። ወጡ፤ በቀጥታ የሄዱት ግን ሚልክያስ ዘንድ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ «ወንድም ሻንቆ ለጠያቂዎች ባለው አመለካከት ላይ ክፍተት ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ቀንማ አይነሣ፤ በአማቱ ፊት ስለ ሽንት አፉን የሚከፍት አማች ወላይታ ምድር ላይ አልተወለደም። አናጺ ሲያዋርድ የኖረው ያ ምላስ እዚህ ላይ ሲደርስ ተሳሰረ።

ስለዚህ ውሃ መጠጣት ተወ። ሁለት ተኩሉ ጆግ አንድ ሆነ፤ አንዱ አንድ ኩባያ ሆነ። ለስላሳው ሳይከፈት ጥግ ላይ ተደረደረ፤ ያመጡት ሰዎች «ኮራብን» አሉ። አስናቀች ስትጠይቀው «ውሃው ጣዕም የለውም» ይላታል። እውነቱን አልነገራትም፤ ብትሰማ ንግዷን ጥላ በር ላይ ዱላ ይዛ እንደምትቀመጥ ያውቃል፤ እሷ ካልነገደች ደግሞ የሚበሉት የለም። ማለዳ እሷ ሳትወጣ፣ ምሽት እሷ ስትገባ ቱቦዋን ይጠቀማል። መካከሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ታመመ። ሲስተር ሳህሊቱ ሁለተኛውን ጊዜ «ምን ሆነህ ነው? ሞኝ አልነበርክም» ብላ ጮኸችበት።

አንድ ቅዳሜ አስጠራኝ። ተረኞቹ አርፍደው ነበር፤ ብቻውን አገኘሁት። የሻንቆ ፊት ለልመና አልተሠራም፤ ሲለምን ማየት ያሳፍራል።

«መምህር፣ ወረቀቱን የጻፍከው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«ሁለት ቦታ ባዶ አድርግልኝ። አራት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት፤ ስምንት ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሰው ብቻ አይኑር።»

«ለምን?» አልኩት፤ እያወቅኩት።

«ልሸና ነዋ! ምን ላድርግ፣ መምህር፣ በአማርኛ አይደል እንዴ የምናገረው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባክህ። ሰው ለምኜ አላውቅም። አንተን ለመንኩ።»

እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ፊቴ ተለጥፏል። በየቀኑ አራት ስም መሰረዝ፣ ከዚያ በላይ ሥራ የለውም። ሰው ሕይወቱን በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እኔ ግን «ማህተም ያረፈበት ስለሆነ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ» አልኩት። ሻንቆ ቀና ብሎ አየኝ። ወትሮ በንቀት ነበር የሚያየኝ፤ ያን ቀን ግን ንቀቱም አልነበረበትም፤ ፈርቶ ነበር።

አቀረብኩ። ዘጠኝ ሰዎች ለሁለት ሰዓት ተወያየን፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አንዱ «ታዲያ ፊታችንን አዙረን ብንቀመጥ አይበቃም?» አለ። ሌላው «ውሃ ከቀነሰ ችግሩ ከምንጩ ይደርቃል» አለ፤ ይህ ሰው የትምህርት ቤታችን የሳይንስ መምህር ነው። ሦስተኛው «እምነቱ ቢጠነክር የጎማ ቱቦ ባላስፈለገው» አለ። እኔ «ሽንት» የሚለውን ጽፌ ሳነብ ሚልክያስ እጁን አነሣ።

«በጌታ ቤት ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ ያለ ቃል አይሰፍርም።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የግል ጉዳይ በል።»

«የወንድም ሻንቆ የግል ጉዳይ በንዑስ ኮሚቴ ተጠንቶ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት አቅጣጫ ይቀመጥበታል» ብዬ ጻፍኩ። ለሻንቆ ስነግረው «የት ነው የሚቀመጠው? ፊኛዬ ላይ?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ንዑስ ኮሚቴው አንድም ቀን አልተሰበሰበም። ይልቁንም አጥቢያችን በጠያቂዎች አደረጃጀት ሞዴል ተባለ፤ ከዲምቱ ድረስ አሥራ ሁለት ሰው ተሞክሮ ሊቀስም መጥቶ ያቺን አንዲት ክፍል ሞላት። ወረቀቴን በስልካቸው ፎቶ አነሡት። ደስ አለኝ፤ ውሸት አልናገርም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሐምሌ ላይ የአስናቀች እኅት ዲምቱ ከተማ ወለደች። አስናቀች አራት ቀን ልትቆይ ሄደች። ሚልክያስ «ሌሊቱስ?» አለ፤ የሌሊት ተራ አወጣሁ። አሁን ለሻንቆ የቀረችው ማለዳም ምሽትም የለችም። ሁለት ሌሊት፣ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ እያንኮራፋ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ በዳበሳ ተጠቀመ፤ እጁን ሳይታጠብ፣ ቱቦዋን ሳይቀቅል። ሳሙናና ውሃ ቢጠይቅ «ለምን?» ስለሚሉት አልጠየቀም። ይህን ኋላ የነገረው ለሚስቱ ነው።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። አማቱና ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ሳለ የሻንቆ እግሮች ከብርድ ልብሱ ሥር ዘለሉ። ከዚህ በፊትም አንዳንዴ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ያን ቀን ግን ጉልበቱ እስኪታጠፍ፣ አልጋው እስኪንቋቋ ዘለሉ። አማቱ ተነሥታ ቆመች። «ተንቀሳቀሰ! እግሩ ተንቀሳቀሰ! ጌታ ነካው!» ብላ እልል አለች።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ መንደሩ ገባ። እኔም ደብተሬን ይዤ ሮጥኩ። ክፍሏ ውስጥ መቆሚያ የለም፤ መስኮቱ ላይ ሰው ተንጠልጥሏል። የሻንቆ ፊት ቀልቷል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ እግሩ ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር እልልታው ይደምቃል። ሁለት ጎረምሶች በብብቱ ይዘው ሊያቆሙት ሞከሩ።

«በሽታ ነው!» ብሎ ጮኸ። «የሽንት በሽታ ነው! ሲስተር ሳህሊቱ ነግራኛለች! ኦቶና ውሰዱኝ!»

ሚልክያስ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ወንድሜ፣ ጠላት በአፍህ እንዲናገር አትፍቀድለት፤ አፍህን በእምነት ክፈት» አለው። ሕዝቡ አሜን አለ። ሻንቆ በሰዉ መካከል ዓይኑን አንከራተተና እኔን አገኘኝ። «መምህር!» አለ። ከዚያች ቃል ሌላ አልጨመረም። እግር ሲዘልል ምን ማለት እንደሆነ ከሕዝቡ ሁሉ መካከል የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ግን ሕዝቡ ይዘምር ነበር፤ ሚልክያስም ያየኝ ነበር። ዓይኔን ወደ ደብተሬ መልሼ «ሐምሌ 14፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ የእግር እንቅስቃሴ ታይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ፈሪ ነኝ፤ ከፈሪም በታች ነኝ።

ያን ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ሲዘመርበት አደረ። አስናቀች ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ወሬው ዲምቱ ድረስ ደርሷት፣ ባሏ ቆሞ ሊቀበላት መስሏት፣ እየሳቀች መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ሽታው መታት። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገብታ ብርድ ልብሱን ገለጠች፤ ግንባሩን ነካች፤ ከዚያ በወላይትኛ የተናገረችውን በአማርኛ አልጽፈውም። በያዘችው የቅቤ ቅል ሁለት ሰው መታች። መኪና የለመነችውም፣ ከጎረምሶቹ ጋር በብብቱ ይዛ የጫነችውም እሷ ናት።

ሆስፒታሉ የሚቻለውን አደረገ። ሲስተር ሳህሊቱ ከፊኛው ያወጣችው ጆግ ሞልቶ እንደ ተረፈ፣ ቀለሙም የሽንት ቀለም እንዳልነበረ ነግራኛለች። በሽታው ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ቅዳሜ እኛ በተከራየነው አይሱዙ ተጭነን፣ አርባ ሰው፣ እየዘመርን ኦቶና ደረስን። ሲስተር ሳህሊቱ በሩ ላይ ቆመች።

«ማንም አይገባም» አለች። «ታማሚው ራሱ ነው የጠየቀው። ሰው አላስገባም።»

«እህቴ፣ እኛ እኮ ቤተሰቦቹ ነን» አላት ሚልክያስ። «አንድም ቀን ብቻውን አልተውነውም።»

«አውቃለሁ» አለችና በሩን ዘጋችው።

እሁድ ማለዳ ሞተ። ከአስናቀች በቀር አጠገቡ ማንም አልነበረም። ዕድሜው አርባ አንድ ገደማ ነበር፤ ሲስተር ሳህሊቱ እንደምትለው፣ እንደ ድሮው ቢኖር ኖሮ ገና ሃያ ዓመት ፍሬም ይልግ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ቤት ውስጥ ነበርን። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሰው በየአግዳሚው፣ በየዱካው ተደርድሯል። አስናቀች ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ቀና ብላ በደካማ ድምፅ «እባካችሁ ዛሬ ብቻዬን ተዉኝ፤ ትንሽ ልተኛ» አለች። ሰዉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «እንዴት ብለን ብቻሽን እንተውሻለን?» አለች አንዷ። ሚልክያስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ እኔም ዞረ።

«መምህር፣ ለእህታችን ተራ ይውጣላት። ከነገ ጀምሮ።»

ስለ ራሴ ያለ ይሉኝታ የምናገረው ይህን ነው፤ ደብተሬን ከፍቼ ነበር። ማስመሪያዬን አኑሬ ሁለት መስመር አስምሬም ነበር። አስናቀች ከፍራሹ ተነሣች፤ ሴቶቹን አስለቅቃ መጣችና ደብተሩን ከጉልበቴ ላይ አነሣችው። መስመሮቹን አየቻቸው። አልጮኸችም፤ አልቀደደችውምም።

«ሆስፒታል ሆኖ ነግሮኛል» አለችኝ። «ሁለት ባዶ ቦታ ብሎ የለመነው አንተን ነበር።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ለመውጣት የተነሣ ግን አንድም አልነበረም።